የመንገድ መኪናን ለትራክ ስታዘጋጁ ሞላ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ሥራ የምትመላለሱበትን መኪና ቅዳሜና እሁድ ትራክ ላይ መንዳት ከጀመራችሁ፣ ብዙ ሳይቆይ ሞላ መቀየር ያምራችኋል። ደግሞም እውነት አላችሁ። ከፋብሪካ የወጣው ሞላ የተሠራው ለምቾት ነው። ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው ይደፋል። ኩርባ ውስጥ አካሉ ወደ ውጭ ይጋደማል። የውጩ ጎማ በትከሻው ብቻ ይቆማል፤ ያ ትከሻ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ሞላ የሚገዛው ወይ መኪናውን ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግለት አይቶ፣ ወይ ጓደኛው የገጠመውን ቁጥር ሰምቶ ነው። እኔ የማምንበት መንገድ ከጎማው ይነሳና ሞላው ላይ ይደርሳል። ሒሳቡ ከስልክ ካልኩሌተር አያልፍም።

ምሳሌ የማደርገው ማዝዳ ሚያታን ነው፤ ከ1999 እስከ 2005 ሞዴል ያለውን ሁለተኛውን ትውልድ። ቀላል መኪና ነው፣ ዕቃው በየቦታው ይገኛል፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ደግሞ ሰሚት ፖይንት ላይ ሁሌም የማይጠፋ መኪና ነው። ሰሚት ፖይንት ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት። ከረጅሙ ቀጥታ ማብቂያ ላይ ያለው 1ኛው ኩርባ ከባድ ፍሬን ይጠይቃል። የለስላሳ ሞላ ጉድ የሚወጣው እዚያ ነው።

1. መጀመሪያ ጎማውን ወስኑ

ሞላ የሚሠራው ጎማው ለሚያመጣው ጉልበት ነው። ጎማው አስፋልቱን አጥብቆ በያዘ ቁጥር መኪናው ኩርባ ውስጥ የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፤ አካሉም የበለጠ ይጋደማል። ስለዚህ ጎማችሁ ለአራቱም ወቅት የሚሆን ተራ ጎማ ከሆነ ጠንካራ ሞላ አይጠቅማችሁም። መኪናው ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። መጀመሪያ ደህና የበጋ ጎማ ግዙ፤ ጎኑ ላይ ትሬድዌር 200 (የጎማው ቶሎ ያለማለቅ ደረጃ) የሚል የተጻፈበት ለመንገድም ለትራክም ይሆናል።

ጎማው ከታወቀ በኋላ የምንፈልገው አንድ ቁጥር ነው። መኪናው በሞላው ላይ በሰከንድ ስንት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል? ይህን በሄርዝ እንለካዋለን። የተለያዩ መኪናዎችን ለማወዳደር የሚረዳው ይህ ነው፤ ክብደታቸውም አሠራራቸውም ቢለያይ ቁጥሩ ትርጉሙን አይለቅም።

ተራ የቤት መኪና ከ1 እስከ 1.5 ሄርዝ ላይ ነው። ስፖርት የሚባሉት እስከ 1.9 ገደማ ይደርሳሉ። በትሬድዌር 200 ጎማ ትራክም ሥራም ለሚሄድ መኪና ከ1.9 እስከ 2.3 ባለው ውስጥ ምረጡ። ከዚያ በላይ፣ እስከ 2.7 ድረስ፣ በዋናነት ለትራክ የተዘጋጀ መኪና ነው። ከ3 በላይ የሚወጡት በአየር ግፊት ወደ መሬት የሚጫኑ የውድድር መኪናዎች ናቸው፤ የእኛ ጉዳይ አይደሉም።

ለምሳሌያችን ፊት 2.2፣ ኋላ 2.0 ሄርዝ እንያዝ። ሰኞ ጠዋት ዲሲን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ ይነካችኋል፤ ግን ይኖሩበታል።

2. መኪናውን መዝኑ

በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ያለውን ክብደት ማወቅ አለባችሁ። አራት ሚዛን ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ራሳችሁ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ነዳጁ ግማሽ ሆኖ አስመዝኑ። ሚዛን ካልተገኘ የመኪናውን ባዶ ክብደት ወስዳችሁ የራሳችሁን ጨምሩበት፤ ከዚያ ፊትና ኋላ በሚከፋፈልበት መጠን አካፍሉት። ሚያታ ግማሽ በግማሽ ለማለት ይቻላል።

ከሹፌሩ ጋር 1,120 ኪሎ ቢሆን በአንድ ጎማ 280 ኪሎ ይደርሳል። ከዚህ ላይ ሞላው የማይሸከመውን ቀንሱ፦ ጎማውን፣ ቸርኬውን፣ ፍሬኑን፣ የጎማ እምብርቱንና ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙትን እጆች ግማሽ። ሚያታ ላይ 35 ኪሎ ብንለው ብዙ አንሳሳትም። ሞላው የሚሸከመው 245 ኪሎ ነው ማለት ነው።

3. ጎማው ሲንቀሳቀስ ሞላው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ለኩ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ እርምጃ ነው፤ የጓደኛን ቁጥር መቅዳት የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሞላው ከጎማው ሥር በቀጥታ አልተቀመጠም። ከጎማው ገባ ብሎ፣ እጁ መሃል ላይ ወይም ዘንበል ብሎ ነው የታሰረው። ስለዚህ ጎማው 50 ሚሊሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ሞላው 50 አይጨመቅም፤ ያንሳል። ሚያታ ላይ ፊት ለፊት 36 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 36ን ለ50 ስናካፍል 0.72 ይመጣል። ኋላ ወደ 0.79 ይጠጋል።

ይህን ቁጥር በራሱ ታባዙታላችሁ። ለምን ሁለት ጊዜ? ትልቅ ድንጋይ በረጅም ዘንግ የፈነቀለ ሰው ያውቀዋል። ዘንጉ ጉልበቱን ይቀይራል፤ ርቀቱንም ይቀይራል። እዚህም እንደዚያው ነው። ሞላው ጎማው ላይ የሚያደርሰው ኃይል ይቀንሳል፤ በተጨማሪም ሞላው ራሱ ጎማው የተጓዘውን ያህል አልተጨመቀም። ሁለቱ ቅነሳዎች ይባዛሉ። 0.72 በ0.72 ሲባዛ 0.52 ነው። ስለዚህ ሚያታ ፊት ላይ የምትገጥሙት ሞላ፣ ጎማው ላይ ሲደርስ የሚቀረው ግማሹ ጥንካሬ ብቻ ነው። ኋላ 0.79 በ0.79፣ 0.62 ይሆናል።

ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ከጎማው አጠገብ ቀጥ ብለው በአንድ ላይ የሚቆሙባቸው መኪናዎች አሉ፤ ማክፈርሰን የሚባለው አሠራር ነው። እነሱ ላይ ይህ የሞላው ጉዞ ለጎማው ጉዞ ተካፍሎ የሚመጣው ቁጥር ወደ 1 ስለሚጠጋ፣ 500 ፓውንድ ሞላ (አንድ ኢንች ለመጨመቅ 500 ፓውንድ የሚፈልግ) ጎማው ላይም ወደ 500 የሚጠጋ ሆኖ ይሰማል። ቢ.ኤም.ደብሊው ኢ46 ላይ ደግሞ ኋላ ሞላው ከሾኩ ተለይቶ እጁ ላይ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ መለካት አለባችሁ። የሲቪክ ባለቤቱ ጓደኛችሁ «እኔ 600 ነው ያለኝ» ሲላችሁ ለእናንተ ምንም አልነገራችሁም።

ለመለካት ሞላውን አውጡ፣ ሾኩን ብቻ መልሳችሁ እሰሩ፣ መኪናው በብረት መደገፊያ ላይ እያለ የጎማውን እምብርት በክሪክ ከፍ አድርጉ። እምብርቱ 10 ሚሊሜትር በወጣ ቁጥር ሾኩ ስንት እንዳጠረ ጻፉ። መኪናው መሬት ላይ ሲቆም በሚኖረው ከፍታ አካባቢ ያለው ልኬት ነው የሚጠቅማችሁ።

4. ሒሳቡን ሥሩ

ቀመሩ ይህ ነው፦ 39.5 ሲባዛ በሄርዙ፣ እንደገና ሲባዛ በሄርዙ፣ ሲባዛ በክብደቱ በኪሎ። የሚመጣው መልስ በኒውተን በሜትር ነው። ለ1,000 ስታካፍሉት በሚሊሜትር ይሆንላችኋል።

ፊት፦ 39.5 × 2.2 × 2.2 × 245 ወደ 46,800 ይሆናል፤ 46.8 ኒውተን በሚሊሜትር ማለት ነው። ይህ ጎማው ላይ እንዲኖር የምንፈልገው ጥንካሬ ነው። ሞላውን ለማግኘት ለ0.52 አካፍሉ፤ 90 ይመጣል።

ኋላ፦ 39.5 × 2 × 2 × 245፣ 38.7 ኒውተን በሚሊሜትር። ለ0.62 ሲካፈል 62 ገደማ።

ገበያ ላይ ሞላ የሚሸጠው በሁለት መለኪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፓውንድ በኢንች ይሉታል፤ የጃፓን ሞላዎች ላይ ኪሎ በሚሊሜትር ተጽፎ ታገኛላችሁ። 1 ኪሎ በሚሊሜትር 56 ፓውንድ በኢንች ነው፤ 9.8 ኒውተን በሚሊሜትርም ነው። ስለዚህ የፊቱ ሞላ ወደ 515 ፓውንድ ወይም 9 ኪሎ ከምናምን፣ የኋላው ወደ 355 ፓውንድ ወይም 6.4 ኪሎ ነው። ገበያ ላይ በቅርብ የምታገኙት 500 እና 350 ነው። ያንን ውሰዱ። ሁለት ቁጥር መካከል ከሆናችሁ ዝቅተኛውን ምረጡ።

በነገራችን ላይ ስፔክ ሚያታ በሚባለው የአሜሪካ ውድድር ክፍል ውስጥ የታወቀው ሞላ ፊት 700፣ ኋላ 325 ፓውንድ ነው። የእኛን ክብደት ይዘን ብናሰላው ፊቱ ከ2.5 ሄርዝ በላይ ይወጣል። ለውድድር መኪና ጥሩ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ለምታደርሱበት መኪና ግን አይሆንም።

ፊቱ ለምን ከኋላው በለጠ? ለመንገድ ብቻ ሲሆን የተለመደው ተቃራኒው ነው። ጉብታ መጀመሪያ የሚመታው ፊቱን ስለሆነ፣ ኋላው ትንሽ ፈጠን ብሎ ከተወዛወዘ ሁለቱ አንድ ላይ ይረጋጋሉ። ትራክ ላይ ግን ከምቾት ይልቅ ከኩርባ ሲወጡ መሬት መያዝ ይበልጣል። በኋላ ጎማ የሚነዳ ቀላል መኪና ኋላው ለስለስ ሲል ነዳጅ ስትሰጡት ይይዛል። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ ይህ ይገለበጣል፤ ፊቱ ራሱ መሪም ነው፣ ጎታችም ነው። ስለዚህ ኋላውን ጠንከር ማድረግ መኪናው እንዲታጠፍ ያግዘዋል።

5. ባምፕ ስቶፑን አትርሱ

በሾኩ ዘንግ ላይ የተሰካች ጎማ መሰል ቁራጭ አለች። ባምፕ ስቶፕ ነው። ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ትከላከላለች። መኪናን ዝቅ ስታደርጉ ሾኩ ቆሞ እያለ ወደ እሷ ይቀርባል። ኩርባ መሃል ላይ ሲደርስባት ሞላችሁ በአንድ ቅጽበት ብዙ እጥፍ የጠነከረ ያህል ይሆናል። ፊቱ ላይ ከሆነ መኪናው መታጠፍ እምቢ ይላል። ኋላው ላይ ከሆነ ኋላው ያመልጣችኋል። ሰው «ሞላው ጠንክሮብኝ ነው» ብሎ የበለጠ ለስላሳ ሲገዛ ችግሩ ይብስበታል።

ለእኔ ትክክለኛው ሞላ ባለው ጎማ ከባምፕ ስቶፑ የሚያርቃችሁ ለስላሳው ሞላ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመር ጥንካሬ የጎማውን መያዝ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም አስፋልት ለጥ ያለ መስታወት አይደለም።

መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ እናንተ ወንበሩ ላይ ሆናችሁ፣ ከባምፕ ስቶፑ በፊት ሾኩ ላይ ቢያንስ 40 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይኑር። ከዚያ ካነሰ መኪናውን ከፍ አድርጉት። መኪና ዝቅ ሲል ያምራል፤ ነገር ግን ሾክ ጉዞው ካለቀበት ምንም ያህል ውድ ቢሆን አይሠራም።

6. ርዝመትና የውስጥ ስፋት

ጥንካሬው ብቻ አይበቃም። ሞላው ከመቀመጫው ጋር መግጠም አለበት። የተለመዱት የውስጥ ስፋቶች 60 ሚሊሜትር፣ 2.5 ኢንች ማለትም 63.5 ሚሊሜትር፣ እና 65 ሚሊሜትር ናቸው። 63.5 እና 65 ይቀራረባሉ ብላችሁ አታቀያይሩ። ሞላው መሃሉን ይስታል፣ ሾኩን ይፋጫል፣ ይጮሃል።

ኮዱን ማንበብ ልመዱ። አይባክ የተባለው ሠሪ ሞላ ላይ 0700.250.0600 ካያችሁ፦ 7 ኢንች ርዝመት፣ 2.5 ኢንች የውስጥ ስፋት፣ 600 ፓውንድ። ስዊፍት የተባለው ሠሪ ሞላ ላይ ዜድ65-178-100 ካለ፦ 65 ሚሊሜትር ስፋት፣ 178 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 10 ኪሎ በሚሊሜትር። ያገለገለ ሞላ ስትገዙ ይህ ኮድ የሻጩን አፍ ከመስማት ይሻላል።

ርዝመቱን ለመወሰን ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ የሞላው ጥምጥሞች እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም። ሠሪዎቹ ሞላው እስኪዘጋ የሚጓዘውን ርቀት ያወጣሉ፤ ከሾኩ ጉዞ ጋር አወዳድሩት። ሁለተኛ፣ መኪናው በክሪክ ሲነሳ ሞላው መላላት የለበትም። የእኛ የፊት ሞላ መኪናው ሲቆምበት ወደ 37 ሚሊሜትር ይጨመቃል። ሾኩ ከቆመበት ወደ ታች ከዚያ በላይ የሚዘረጋ ከሆነ ሞላው ይፈታል። ያን ጊዜ ከላዩ ላይ ቀጭን ረዳት ሞላ ይጨመራል። ሥራው ዋናውን ሞላ በቦታው መያዝ ብቻ ነው።

ሞላው የተቀመጠበትን የታችኛውን ቀለበት ስታጠብቁ ሞላው የሚጠነክር የሚመስላቸው አሉ። ጥንካሬው እኩል የሆነ ሞላ በዚያ አይጠነክርም፤ መኪናው ብቻ ከፍ ይላል። ሲጨመቅ እየጠነከረ የሚሄደውን ዓይነት ግን ለትራክ አልመክርም። ኩርባ መሃል ላይ የመኪናው ጠባይ ስለሚቀየር ለመገመት ያስቸግራል።

ሞላ ማስቆረጥስ? የሞላ ጥንካሬ ከሚሠሩት ጥምጥሞች ብዛት ጋር ይገናኛል፤ 6 ከነበሩ አንዱን ብትቆርጡ ጥንካሬው 20 በመቶ ይጨምራል። ይህ ብቻ ሲታይ ደስ ይላል። ነገር ግን ጫፉ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ በእሳት ከተቆረጠ ደግሞ ብረቱ ጠባዩን ያጣል። አታድርጉት።

7. ገንዘባችሁን ሾኩ ላይ አውጡ

ሞላ ኃይል ያጠራቅማል፤ ያንን ኃይል የሚያበርደው ሾኩ ነው። ጠንካራ ሞላ በፋብሪካው ሾክ ላይ ስትገጥሙ መኪናው ከጉብታ በኋላ መዝለሉን አያቆምም። ሞላው 3 እጥፍ ከጠነከረ ሾኩ ወደ 1.7 እጥፍ መጠንከር አለበት፤ በተለይ ሲዘረጋ ያለው ኃይል። ስለዚህ ሾክ ስትገዙ ሻጩን እስከ ስንት ፓውንድ ሞላ ድረስ እንደተስተካከለ ጠይቁ። መልሱን በቁጥር የማይመልስ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ባጀታችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሾኩን አስቀድሙ። ሞላ ርካሽ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ካልታጠፈና ካልዛገ ይሠራል። ያገለገለ ሾክ ግን በማሽን ሳይፈተሽ አትግዙ።

8. ስትገጥሙ

የፋብሪካው ሞላ ከሾኩ ጋር ተጨምቆ ነው የታሰረው። ሞላ መጭመቂያ ሳትጠቀሙ የላይኛውን ዳዶ ከፈታችሁ ሞላው ይወረወራል፤ ሰው ይገድላል። መሣሪያው ከሌላችሁ ወደ ጋራዥ ውሰዱት። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ አትግቡ።

የእጆቹን ቡሎኖች መጨረሻ ላይ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁት ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች ተጠምዝዘው ይቀራሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። ከፍታውን ከእምብርቱ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ፤ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ይሁን። ከዚያ አላይመንት አሠሩ።

9. ትራክ ላይ አንብቡት

በሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ። ሾኩ ሲጨመቅ ወደ ላይ ይገፋታል፤ ሲመለስ እዚያው ትቀራለች። ከትራክ ወጥታችሁ በቆማችሁ ቁጥር ወርዳችሁ እዩ። ባምፕ ስቶፑን ካልነካች ሞላችሁ ይበቃል። ነክታ ካገኛችኋት መጀመሪያ መኪናውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ያም ካልበቃ ሞላውን በ50 ፓውንድ ጨምሩ።

የጎማውን ሙቀት ከውስጥ፣ ከመሃልና ከውጭ ለኩ። የውጩ በጣም ከበለጠ አካሉ አሁንም እየተጋደመ ነው፤ ወይም የጎማው ዘንበል አልበቃም። ከሞላው በፊት አላይመንቱን ጠርጥሩ።

ሰሚት ፖይንት ላይ ሁለት ቦታ ብዙ ይነግራችኋል። 1ኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ስትለቁና መሪ ስታዞሩ ፊቱ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይ ፊቱ ጠንክሯል፣ ወይ ባምፕ ስቶፕ ላይ ነው። ማሰሪያዋ የትኛው እንደሆነ ትነግራችኋለች። ወደ ረጅሙ ቀጥታ የሚያወጣችሁ 10ኛው ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትሰጡ የውስጡ የኋላ ጎማ በባዶ የሚሽከረከር ከሆነ የኋላው ጥንካሬ በዝቷል። መጀመሪያ የኋላውን ስታብላይዘር ባር (የግራና የቀኙን ጎማ የሚያያይዘውን ዘንግ) አላሉ፤ ካልተሻለ የኋላውን ሞላ በ50 ፓውንድ ቀንሱ። የኩርባ ጠርዝ ላይ ስትወጡ መኪናው ወደ ጎን የሚዘል ከሆነ ደግሞ ሾኩ ሲጨመቅ ያለውን ጥንካሬ ቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሞላውን ተመልከቱ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ለውጡን፣ የጎማ አየሩን፣ የአየር ጠባዩንና የማሰሪያዋን ቦታ ጻፉ። ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ወደሚባለው ሌላ ትራክ ስትሄዱ፣ በፍጥነት ሽቅብ የሚወጡት የኤስ (S) ቅርጽ ኩርባዎቹ ሌላ ነገር ስለሚጠይቁ፣ መነሻችሁ ያ ወረቀት ነው።